ከናይሮቢ እስከ ድሬዳዋ፦ ሳፋሪኮም ለምን ኢትዮጵያ ገባ? ምንስ ከፈለ?

ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ በ07 የሚጀምር የኬንያው ሳፋሪኮም ሲም ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽያጭ ቀረበ። ከዚያ ቀን በፊት በዚህ አገር ስልክ ማለት ቴሌ ማለት ነበር። ሲም የሚሸጠው ቴሌ፣ ኔትወርክ የሚዘረጋው ቴሌ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ አቤት የሚባለውም ቴሌ ነው። የቴሌ ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ይቆጠራል፤ የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመርም ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሁለተኛው ኦፕሬተርም ሥራውን የጀመረው በዚያው በምሥራቁ በር መሆኑ ሁሌም ይገርመኛል። ከድሬዳዋ ቀጥሎ ሐረርና ሐረማያ፣ ከዚያም እንደ ባሕር ዳርና አዳማ ያሉ ከተሞች ተከተሉ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 አዲስ አበባ ተራው ደረሳት።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። የኩባንያ የሒሳብ መግለጫ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ትርፉን አይደለም፤ ገቢው በየትኛው ገንዘብ እንደሚገባ፣ ዕዳው በየትኛው እንደሚከፈል ነው የማየው። የሳፋሪኮምን የኢትዮጵያ ጉዞ ከጨረታው ቀን ጀምሮ የተከታተልኩትም በዚህ ዓይን ነው። በአገሩ ከማንም በላይ የሚያተርፍ ኩባንያ ድንበር ተሻግሮ ገና አንድ ሲም ሳይሸጥ 850 ሚሊዮን ዶላር ለፈቃድ ይከፍላል፣ ለዓመታት እንደሚከስርም እያወቀ ይገባል። ይህን ለምን ያደርጋል? የኔ መልስ ሁለት ክፍል አለው። የገባው ኬንያ ስለጠበበችው ነው። ከገባ በኋላ ደግሞ ክፉኛ የጎዳው የፈቃዱ ዋጋም የቴሌ ውድድርም ሳይሆን የብር ምንዛሪ ነው።

ቤቱ ሲጠብ

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ቆጠራ ኬንያ 47.6 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። ጨረታው በተካሄደበት በ2021 ደግሞ አገልግሎት ላይ ያለው ሲም ካርድ ከ60 ሚሊዮን በልጧል። ስልክ ሊይዝ የሚችል ሰው ሁሉ ይዟል፤ ብዙው ሰው ሁለትም አለው። ከዚህ ውስጥ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው የሳፋሪኮም ደንበኛ ነው። እንዲህ ያለ ኩባንያ በአገሩ ውስጥ ለማደግ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀረዋል። አንደኛው የተፎካካሪዎቹን ደንበኛ መውሰድ ነው፤ ነገር ግን ሳፋሪኮም ገበያውን ከልክ በላይ ተቆጣጥሯል የሚለው ክርክር ኬንያ ውስጥ ለዓመታት ሲነሳ ስለቆየ በዚያ መንገድ ብዙ መሄድ ያስጠይቃል። ሁለተኛው ካለው ደንበኛ ብዙ ገንዘብ ማግኘት ነው። ኤም-ፔሳ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ኤም-ፔሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2007 ነው። "ፔሳ" በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው። ናይሮቢ የሚሠራ ልጅ መንደር ላሉት እናቱ በስልክ ገንዘብ የሚልክበት መንገድ ሆኖ ተጀመረ፤ ዛሬ ደመወዝ፣ ብድር፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የታክሲ ሒሳብ የሚያልፍበት ሆኗል፤ ከሳፋሪኮም የኬንያ የአገልግሎት ገቢም 40 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ኬንያዊ ያልሆነ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ። የኤም-ፔሳ ስም ባለቤት ለረጅም ጊዜ ሳፋሪኮም ሳይሆን የእንግሊዙ ቮዳፎን ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 ሳፋሪኮምና የደቡብ አፍሪካው ቮዳኮም በጋራ ባቋቋሙት ኩባንያ አማካይነት ስሙንና ሥርዓቱን ከቮዳፎን ገዙ። የሥራው ባለሙያ ሆኖ የስሙ ተከራይ የነበረው ኩባንያ ስሙን ይዞ ወደ ሌላ አገር የሚሄድበት ነፃነት ያገኘው ያኔ ነው። የኢትዮጵያ ጨረታ የተካሄደው ከዚህ ግዢ አንድ ዓመት በኋላ ነው። እኔ ሁለቱን ለያይቼ ማየት አልችልም።

አሁን ወደ ሰሜን እንይ። ከ110 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ አንድ የመንግሥት ኦፕሬተር፣ ከሕዝቡም ግማሽ ያህሉ ገና ያለ ስልክ። ያውም ጎረቤት አገር። ሞያሌ የሄደ ሰው ነገሩን በዓይኑ አይቶታል። ከተማዋ አንድ ሆና ድንበሩ በመሐሏ ያልፋል፤ የኔትወርክ ምልክት ደግሞ የጉምሩክ ኬላ ጠብቆ አይቆምም። በኢትዮጵያ በኩል ያለ ነጋዴ የኬንያ ሲም ይዞ በኤም-ፔሳ ሲገበያይ ማየት ሳፋሪኮም በይፋ ከመግባቱ ከብዙ ዓመት በፊትም ብርቅ አልነበረም። የሞያሌውን ገበያ ማንም በማስታወቂያ አላሳመነውም፤ አገልግሎቱ ራሱ አሳምኖታል። የናይሮቢ አለቆች ይህን ሳያዩ ቀርተዋል ብዬ አላምንም።

ሁለት ፖስታ

ኢትዮጵያ በሩን የከፈተችው በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። አዋጁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ባለሥልጣኑም ሁለት አዳዲስ ፈቃዶችን ለጨረታ አቀረበ። ሰኔ 2012 ላይ ፍላጎታቸውን የገለጹት 12 ነበሩ። ሚያዝያ 18 ቀን 2013 ጨረታው ሲዘጋ የዋጋ ሰነድ ያስገቡት ሁለት ብቻ ሆኑ። አንደኛው የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ነው፤ 600 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ። ሁለተኛው ሳፋሪኮም የሚመራው "ግሎባል ፓርትነርሺፕ ፎር ኢትዮጵያ" የተባለ ጥምረት ነው፤ 850 ሚሊዮን ዶላር።

አሥሩ የት ሄዱ? እንደኔ አስተያየት ያስፈሯቸው ነገሮች ግልጽ ናቸው። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ትግራይ ውስጥ ጦርነት ነበር። የጨረታው ሰነድ ለውጭ ኦፕሬተር የሞባይል ገንዘብ አይፈቅድም ነበር። ታወር ሠርተው ለኦፕሬተሮች የሚያከራዩ ኩባንያዎችም እንዲገቡ አልተፈቀደም፤ ስለዚህ አዲስ የሚገባ ኦፕሬተር ወይ ከቴሌ ይከራያል፣ ወይ ራሱ ይተክላል። ዶላር ደግሞ በባንክ በወረፋ ነበር የሚገኘው። እነዚህን አንድ ላይ ደምሮ የተመለከተ ባለሀብት ቢመለስ አይፈረድበትም።

ግንቦት 14 ቀን 2013 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፈቃዱን ለጥምረቱ ሰጠ። የኤምቲኤን 600 ሚሊዮን አነሰ ተብሎ ሁለተኛው ፈቃድ ሳይሸጥ ቀረ። በኋላ እንደገና ለጨረታ ወጥቶም ወሳጅ አላገኘም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ከፈቃዱ ክፍያ ጋር በጠቅላላው ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚሆነውን ኢንቨስትመንት እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ ኢትዮጵያ ከገባው የውጭ ቀጥታ ኢንቨስትመንት ሁሉ ትልቁ ነው አሉት።

የሁለቱ ፖስታ ልዩነት 250 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለአንድ ዓይነት ፈቃድ ይህን ያህል መብለጥ ለምን አስፈለገ? ጨረታ ላይ የተቀመጠ ሰው ጎረቤቱ ስንት እንደጻፈ አያውቅም፤ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን ለሁለቱ ኩባንያዎች የፈቃዱ ትርጉም አንድ አለመሆኑ ይመስለኛል። ለኤምቲኤን ኢትዮጵያ ከብዙ አገሮቹ መካከል አንዷ ልትሆን ነው። ለሳፋሪኮም ግን ከኬንያ ውጭ የመጀመሪያዋ ናት። በዚያ ላይ ተቀናቃኙ ሰሜናዊ ድንበሩ ላይ 110 ሚሊዮን ሕዝብ ይዞ ሲቀመጥ ቆሞ ማየት ነበረበት። ወደ ውጭ የሚወጣ ኩባንያ ለገበያው ብቻ ሳይሆን ገበያው በሌላ እጅ እንዳይገባም ይከፍላል።

ማን ማን ነው አብሮ የገባው

ሳፋሪኮም ብቻውን አልመጣም። ሲጀመር ከሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አክሲዮን 55.7 በመቶ የራሱ፣ 27.2 በመቶ የጃፓኑ ሱሚቶሞ፣ 10.9 በመቶ የብሪታንያ መንግሥት ንብረት የሆነው ሲዲሲ ግሩፕ (በኋላ ብሪቲሽ ኢንተርናሽናል ኢንቨስትመንት የተባለው)፣ 6.2 በመቶ የቮዳኮም ነበር። ቮዳኮም በቀጥታ የያዘው ትንሽ ይምሰል እንጂ ከእናት ኩባንያው ከሳፋሪኮም 35 በመቶ ድርሻ ስለነበረው በሁለት በኩል ገብቷል።

የእያንዳንዳቸው ምክንያት የተለያየ መሆኑ ነው ይህን ጉዳይ ለጥናት የሚያበቃው። ጃፓን ሕዝቧ እያረጀና እየቀነሰ የሄደ አገር ናት፤ ሱሚቶሞ ደግሞ ከሌላው የጃፓን ኩባንያ ከኬዲዲአይ ጋር በሞንጎሊያና በማይናማር የስልክ ሥራ የሠራ ድርጅት ነው። በአገሩ የማያገኘውን ወጣት ሕዝብ እየተከተለ ይሄዳል። ሲዲሲ ዓላማው ልማት ነው፤ ገንዘቡ የታክስ ከፋይ ስለሆነ ትርፍ ቢዘገይ ይታገሣል። ሳፋሪኮም ጎረቤት ገበያ ይፈልጋል። አንዱ ወጣት ሕዝብ፣ አንዱ ልማት፣ አንዱ ጎረቤት ብሎ አንድ ድርጅት ውስጥ ተገናኙ። በ2015 መጨረሻ ላይ ደግሞ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ 157.4 ሚሊዮን ዶላር አክሲዮን ገዝቶ፣ 100 ሚሊዮን ዶላር ብድር ጨምሮ ተቀላቀለ። የዚያው ቡድን የዋስትና ድርጅት ሚጋ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዋስትና ሰጠ። ወደዚህ ዋስትና በኋላ እመለሳለሁ፤ የማይሸፍነው ነገር ከሚሸፍነው ይበልጣል።

አሥራ አንድ ቀን

ቴሌ እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። ገና ነሐሴ 2010 ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን በ40 በመቶ ቀንሶ ነበር። አዲስ ገቢ ኦፕሬተር ብዙ ጊዜ ገበያ የሚሰብረው ዋጋ በመስበር ነው፤ ዋጋው ቀድሞ ከተሰበረ መግቢያው ይጠብባል። በሳፋሪኮም ላይ የደረሰው ይህ ነው።

ከዚህ የበለጠው ግን ቴሌብር ነው። ቴሌብር የተጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፈቃዱን የሰጠው ግንቦት 14። አሥራ አንድ ቀን! የሳፋሪኮም ዋነኛ ሙያ የሞባይል ገንዘብ ነው፤ ወደ አገሩ የገባው ግን ሙያውን በር ላይ ትቶ ነው። ሕጉ ተሻሽሎ ለውጭ ድርጅት እስኪፈቀድ፣ ብሔራዊ ባንክም ፈቃድ እስኪሰጥ ሁለት ዓመት አለፈ። ለዚያ ፈቃድ 150 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ ኤም-ፔሳ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረው ነሐሴ 10 ቀን 2015 ነው። በዚያን ጊዜ ቴሌብር ከ30 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ መዝግቦ ነበር። 850 እና 150 ሲደመር አንድ ቢሊዮን ዶላር፣ ለወረቀት ብቻ።

ሁለት ዓመቱ ምን ዋጋ እንዳስከፈለ የሚታየው በሒሳብ መዝገብ ላይ ሳይሆን ሰፈር ውስጥ ነው። እኔ ዘወትር ዳቦና ውሃ የምገዛበት ሱቅ ግድግዳ ላይ የቴሌብር የነጋዴ ቁጥር በትልቁ ተለጥፏል። ባለሱቁን አንድ ቀን "ኤም-ፔሳስ የለህም?" አልኩት። "አለኝ ጋሼ፤ ግን የሚጠይቀኝ የለም። ሁሉም ብሩን የሚያስቀምጠው ቴሌብር ላይ ነው፤ እኔም የማከፋፈያውን ሒሳብ የምከፍለው በሱ ነው" አለኝ። ስልኩ ባለሁለት ሲም ነው፤ በ09 ይደውላል፣ ገንዘብ ይቀበላል፤ በ07 ደግሞ ማታ ማታ ልጁ ቪዲዮ የሚያይበትን የኢንተርኔት ጥቅል ይገዛል። የሞባይል ገንዘብ የሚሠራው ሌላው ሰውም ሲይዘው ነው፤ ኬንያ ውስጥ ኤም-ፔሳን ያነገሠው ይኸው ነገር እዚህ ቴሌብርን አነገሠ። ሳፋሪኮም በአገሩ ያሸነፈበትን መሣሪያ እዚህ ሌላው ቀድሞ ጨብጦት አገኘው። አገሪቱም ያን ሁለት ዓመት በከንቱ አልሰጠችም። ለአገር ድርጅት ፋታ ሰጥታለች፤ ይህን እንደ ጥፋት አላየውም። ግን የሞባይል ገንዘብ ገና ከጨረታው ጋር ተፈቅዶ ቢሆን ኖሮ በሚያዝያው ፖስታዎች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሌላ ይሆን ነበር።

ሐምሌ 22

ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። እስከዚያ ዕለት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 74 ብር ገባ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ደግሞ 125 ብር አካባቢ ደረሰ።

ይህ ለሳፋሪኮም ምን ማለት እንደሆነ በአንድ የ100 ብር ጥቅል እንይ። ደንበኛው ጎንደር ይሁን ጅማ ለውጥ የለውም፤ 100 ብር ከፍሎ ኢንተርኔት ገዛ። ዶላር 57 ብር በነበረበት ጊዜ ይህ ክፍያ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር። አንድ ዶላር በ129 የኬንያ ሽልንግ ሒሳብ ናይሮቢ መዝገብ ላይ 226 ሽልንግ ሆኖ ይሰፍራል። ዶላር 125 ብር ሲሆን ያው ደንበኛ፣ ያው 100 ብር፣ ያው ጥቅል 80 ሳንቲም ሆነ፤ መዝገቡ ላይ 103 ሽልንግ። ደንበኛው አልቀነሰም፣ አገልግሎቱም አልቀነሰም። ከግማሽ በላይ የሆነው ገቢ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

አሁን ወጪውን እናስቀምጥ። የኔትወርክ ዕቃ የሚገዛው በዶላር ነው። 100,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በፊት 5.7 ሚሊዮን ብር ነበር፤ በኋላ 12.5 ሚሊዮን ብር ሆነ። በሐምሌ 22 ዋዜማ በውጭ ገንዘብ ዕዳ ያለበት ሁሉ በማግሥቱ ምንም ሳይበደር ዕዳው በብር ጨመረ። ታወሮቹ መብራት ሲጠፋ የሚነዱት በናፍጣ ነው፤ ናፍጣም የሚገባው በዶላር ነው። እንግዲህ ሁሉም ነገር በሁለት በኩል የተሳለ ቢላ ሆነ ማለት ነው።

ሚጋ ዋስትና ሰጥቶ የለም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። እንዲህ ዓይነቱ ዋስትና በጠቅላላው የሚሸፍነው መንግሥት ንብረት ሲወርስ፣ ጦርነትና ሁከት ጉዳት ሲያደርስ፣ ገንዘብ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለከል፣ ውል ሲፈርስ ነው። የገንዘብ ዋጋ መውረድን አይሸፍንም። ባለሀብቱ ከባዕድ አገር የሚፈራቸው ትልልቅ ነገሮች ሁሉ መድን አላቸው፤ የደረሰበት ግን መድን የሌለው ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም ጎን መናገር አለብኝ። የድሮው 57 ብር እውነተኛ ዋጋ አልነበረም። ጥቁር ገበያው እጥፍ ገደማ ነበር፤ በ57 ብር ዶላር እፈልጋለሁ ያለ ሰው ወረፋ ይዞ ወራት ይጠብቃል። ስለዚህ የሳፋሪኮም የኢትዮጵያ ገቢ በመዝገብ ላይ 226 ሽልንግ ይባል እንጂ ያን ሽልንግ ናይሮቢ ድረስ ማምጣት ከባድ ነበር። የምንዛሪው ለውጥ የነበረውን ኪሳራ አላመጣውም ለማለት እደፍራለሁ፤ ተሸፍኖ የነበረውን ገለጠው። ከዚህ በኋላ የሚገቡ ኩባንያዎች ሒሳባቸውን ከ57 ብር አይጀምሩም። ሳፋሪኮም ግን ፈቃዱን የገዛውም፣ የመጀመሪያዎቹን ታወሮች የተከለውም በድሮው ሒሳብ ነው፤ ቀድሞ መግባት የሚከፈለው እንዲህ ነው።

የናይሮቢ ባለአክሲዮን

ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሰው ኬንያ ውስጥ ነው ያለው። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2008 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ ዋጋው 5 ሽልንግ ነበር፤ መምህሩም፣ ነርሷም፣ ጡረተኛውም ገዝተዋል። እስከ ቅርብ ጊዜ 35 በመቶው የኬንያ መንግሥት፣ 35 በመቶው የቮዳኮም፣ 5 በመቶው የቮዳፎን፣ ቀሪው 25 በመቶ በአክሲዮን ገበያው በኩል የሕዝብ ነበር። ድሬዳዋ የተተከለው ታወር ከነዚህ ሰዎች የትርፍ ድርሻ ላይ የተቀነሰ ነው ቢባል ስሕተት አይደለም።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2022 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት የቡድኑ የተጣራ ትርፍ 67.5 ቢሊዮን ሽልንግ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ የኢትዮጵያው ሥራ በጀመረበት፣ ወደ 52.5 ቢሊዮን ወረደ። የትርፍ ድርሻውም በአንድ አክሲዮን ከ1.39 ወደ 1.20 ሽልንግ ዝቅ አለ። 10,000 አክሲዮን ያለው ጡረተኛ 13,900 ሽልንግ ይጠብቅ የነበረ 12,000 ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ40 ሽልንግ በላይ ወጥቶ የነበረው የአክሲዮን ዋጋ በ2023 መጨረሻ ከ15 ሽልንግ በታች ተሽጧል። ለዚህ ኢትዮጵያን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ልክ አይሆንም፤ በዓለም ወለድ ሲጨምር የውጭ ባለሀብቶች ከናይሮቢ ገበያ በብዛት ወጥተዋል። ግን የኢትዮጵያ ኪሳራ አንዱ ምክንያት እንደነበረ የኩባንያው መግለጫዎች ራሳቸው ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. እስከ መስከረም 2024 ባለው ግማሽ ዓመት ለባለአክሲዮኖች የሚደርሰው ትርፍ በ17.7 በመቶ የወረደው በዋናነት በብር መዳከም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 የተዘጋው ዓመት ለባለአክሲዮኖች 69.8 ቢሊዮን ሽልንግ አስገኝቷል፤ ከቀደመው ዓመት 10.8 በመቶ ይበልጣል። የኢትዮጵያ ንቁ ደንበኞች ቁጥርም በአንድ ዓመት ከ4.4 ሚሊዮን ወደ 8.8 ሚሊዮን ደረሰ። እጥፍ ነው። ቴሌ በዚያው በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ 83 ሚሊዮን ደንበኛ እንደነበረው ግን አንርሳ።

ደንበኛው የትም አልጠፋም፣ አንዳንዴ ግን መንገዱ ይዘጋል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል በነበረው ግጭት የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ባሕር ዳርና ጎንደር ሳፋሪኮም ቀድሞ ከገባባቸው ከተሞች መካከል ናቸው። ዋነኛ ሸቀጡ ኢንተርኔት የሆነ ድርጅት ታወር ተክሎ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ ሸቀጡን መሸጥ ሳይችል ኪራይና ደመወዝ ይከፍላል። የነዚያን ከተሞች ነጋዴዎችና ተማሪዎች ያጎሳቆለው ዝምታ ከኩባንያው ሒሳብ ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ሆኖም አንድ የውጭ ባለሀብት ከመግባቱ በፊት በምን ቀመር ያሰላዋል? ማስያ አልተሠራለትም።

መግባቱ ልክ ነበር ወይ?

ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ዶላሩን በኪሱ ይዞ ቀረ፤ በብር መውረድም፣ በታወር ኪራይ ድርድርም አልደከመም። በአምስት ዓመት ሚዛን ከታየ የዳነው እሱ ነው። እኔ ግን የሳፋሪኮምን ውሳኔ ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም። ከስሕተት የምቆጥረው ውሳኔውን ሳይሆን ሁለት ግምቶችን ነው። አንደኛው፣ የሞባይል ገንዘብ ቶሎ ይፈቀዳል ብሎ መግባቱ ነው፤ ተፈቀደ፣ ግን ቦታው ከተያዘ በኋላ። ሁለተኛው፣ በብር ገቢ ሥራ ላይ በዶላር የሚከፈል ወጪን በፍጥነት መከመሩ ነው። በእርግጥ ፈቃዱ ራሱ አገልግሎቱን በፍጥነት ማስፋፋትን ያስገድድ ነበርና ለሁለተኛው ብዙ ምርጫ አልነበረውም።

በሌላ በኩል የጠበቀው አንድ ነገር አልከዳውም። ሁለተኛው ፈቃድ እስካሁን አልተሸጠም፤ ከቴሌ ሌላ ያለው ብቸኛ ኦፕሬተር እሱ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ከ15 ዓመት በታች ያለው ልጅ ብዛት የኬንያን ጠቅላላ ሕዝብ ሊስተካከል ምንም አይቀረው። ያ ልጅ ስልክ ሲይዝ የመጀመሪያ ሲሙ 09 ይሁን 07 ገና አልተወሰነም።

የፈቃዱ ዘመን 15 ዓመት ነው፤ ከሐምሌ 2013 ተቆጥሮ ሐምሌ 2028 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2036) ላይ ያበቃል፣ ከዚያ መታደስ ይችላል። 850 ሚሊዮን ለ15 ሲካፈል በዓመት ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር ነው። ኩባንያው የኢትዮጵያው ሥራ ወጪውን እንዲችል ያቀደው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2027 በሚዘጋው የሒሳብ ዓመት ነው። ቢሳካ ከፈቃዱ ዘመን ስድስተኛው ዓመት ላይ ይሆናል ማለት ነው። ለፈቃድ የወጣውን አንድ ቢሊዮን ዶላር ለመመለስ ያኔ የሚቀረው ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነው፣ ገቢውም በብር ነው።